የሰው አገር መርዶ

እትዬ ዘይነባ ማረፋቸውን የሰማሁት ኮምቦልቻ መናኸሪያ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቄ ተቀምጬ፣ በስልክ ነው። የደወለልኝ ጤና ጣቢያችን ካርድ ክፍል የሚሠራው ልጅ ነበር። «ሰማሽ? እትዬ ዘይነባ እኮ አረፉ» አለኝና ትንፋሽ ሳይወስድ የመድኃኒት መጋዘኑን ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩት ጠየቀኝ። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የመጣብኝ ለቅሶ ሳይሆን ሳቅ ነው። እሳቸው ይህን ቢሰሙ ኖሮ ያንን ልጅ ቅሬ ፊት አቁመው ልኩን ያሳዩት ነበር። ሳቄ ግን የሐረጎን ዳገት ሳንወጣ ወደ እንባ ዞረ። አጠገቤ የነበረችው የማላውቃት ሴት ምንም ሳትጠይቅ ሻርፗን አውልቃ ፊቴን ሸፈነችልኝ።

ሐይቅ ከተማ የኛ ሰፈር ሰው ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ቅሬው አንድ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። እትዬ ዘይነባ የቅሬያችን መርዶ ነጋሪ ነበሩ። ማንም መርጦ አልሾማቸውም፤ ብቻ ዘመድ የሞተበት ሰው ከሩቅ አገር ሲመጣ «እትዬ ዘይነባን ጥሯቸው» ይባላል፣ እሳቸውም ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብሰብ አድርገው ከተፍ ይላሉ። አጭር፣ ቀጭን፣ ቆፍጣና ሴት ነበሩ። ድምፃቸው ግን ከመጠናቸው ጋር አይገጥምም፤ ወፍራምና ዝግ ያለ፣ ሕፃን የሚያስተኛ ድምፅ ነበር።

መርዶ በሳቸው ዘንድ ሥርዓት ነበረው። የሚነገረው በጠዋት ነው፤ ሰውየው እንቅልፉን ከተኛ፣ እህል ከቀመሰ በኋላ። ሕፃን የታቀፈች እናት ከሆነች «እስቲ ይህን ጎረምሳ ላቅፈው» ብለው ልጁን አስቀድመው ይቀበሏታል። እሳት የሚነድበት ቤት ውስጥ አይናገሩም። በግራና በቀኝ ጠንከር ያለ ሰው ያስቀምጣሉ፣ ውሃ ያስቀርባሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ፊት ለፊት ቁጭ ብለው የሚናገሩት። «ሞትን አላህ ያመጣዋል፤ መርዶን ግን የሚያመጣው ሰው ነው፤ ስለዚህ ሰው ይጠየቅበታል» ይሉ ነበር። በመንገድ፣ በገበያ፣ በስልክ መርዶ የተናገረ ሰው በሳቸው ዓይን ከነፍሰ ገዳይ ብዙም አይሻልም።

አንድ ጊዜ አንድ ባጃጅ ነጂ ጎረምሳ ውጫሌ ገበያ መሃል ጤፍ ስትሰፍር ያገኛትን ሴት «ወንድምሽን ነፍስ ይማር» ብሏት አለፈ። ሴትዮዋ አላወቀችም ነበርና እዚያው ጤፏ ላይ ወደቀች። እትዬ ዘይነባ ወሬው እንደደረሳቸው በመጀመሪያው መኪና ውጫሌ ወረዱ፤ ጎረምሳውን ከባጃጁ ላይ አስወረዱትና ለቅሶ ቤቱ ድረስ ይዘውት ሄዱ። «ከአጠገቧ እንዳትነሳ። ስታለቅስ እያት። ውሃ ስትል አንተ ነህ የምታጠጣት» አሉት። ልጁ ሰልስት እስኪያልፍ ከዚያች ሴት ጎን አልተነሳም። ዛሬ እንደ እናት ይጦራታል ይባላል።

እኔ፣ ሐቁን ለመናገር፣ ይህንን ሁሉ እንደ ማካበድ ነበር የማየው። እኛ ጤና ጣቢያ ሞትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረን ወደሚቀጥለው በሽተኛ እናልፋለን፤ ተራው ረጅም ነው። በዚያ ላይ ጎረቤቴ ናቸውና ግቢዬ ገብተው ሳሩን ሳይቀር ሲቆጣጠሩ አንዳንዴ ያንገሸግሹኛል። የሆነው ሆኖ ወደ መካ ዑምራ ለመሄድ ሲነሱ ልጆቻቸው «አንች ትንሽ እንግሊዝኛም አረብኛም ትሞካክሪያለሽ» ብለው አደራ ሰጡኝ፤ እኔም ዕድሉ ሲገኝ አልጠላሁምና አብረን ሄድን። የማልረሳው ነገር የሆነው ስንመለስ ነው።

የመልስ ጉዟችን በአንድ ሌላ የአረብ ከተማ በኩል ነበር፤ እዚያ አውሮፕላን እንቀይራለን። ገና በማለዳ ደረስን። ጉም ወርዶ ነበርና ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውሮፕላን እንደዘገየ በሰሌዳው ላይ ተጻፈ። እኔ ደስ አለኝ። ያ አዳራሽ ጫፉ የማይታይ፣ ወለሉ መልክ የሚያሳይ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጠራ ነው፤ ሱቆቹን አንድ በአንድ ልጎበኝ ልቤ ቋምጦ ነበር። እሳቸውን ጥሩ ወንበር ላይ አስቀምጬ ሹልክ ልል ስል ቀሚሴን ያዙኝ።

«ወዴት ልትይ ነው? ሰው የገባበትን አገር ሰላም ሳይል ይቀመጣል? ነይ ይዘሽኝ ዙሪ።»

ዞርን። የተቀመጠውን ሁሉ፣ ረድፍ በረድፍ፣ «አሰላሙ አለይኩም፤ እንዴት አደራችሁ» እያሉ አለፉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሚገርመው ግን ሰው ይመልስላቸዋል። አንድ ቁመቱ ጣሪያ የሚነካ ፈረንጅ ከጆሮው የሰካውን ነገር ነቅሎ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጅ ነሳቸው። እሳቸውም በአማርኛ «ቁጭ በል፣ ቁጭ በል ልጀ» አሉት፤ ተቀመጠ።

ብዙ ሰው ቆሞ የሚሄድበት፣ ወለሉ ራሱ የሚንሸራተት መንገድ ጋ ስንደርስ አልረግጥም አሉ። የፈሩ መስሎኝ ላደፋፍራቸው ስጀምር «መሬቱ እኔን ይዞኝ እብስ ካለ ማንን ሰላም እላለሁ?» ብለው በጎን አለፉ። የወርቁን ሱቅ አይተው «ይኸ ሁሉ ለማን ሠርግ ነው?» አሉ። ለማጨሻ በመስታወት የታጠረ ክፍል ውስጥ ወንዶች ታጭቀው ሲያዩ ደግሞ ክው ብለው ቆሙ።

«ምን አጥፍተው ነው የታሰሩ?»

«አልታሰሩም፤ ሲጋራ እያጨሱ ነው።»

«በሩ ክፍት ሁኖ እዚያ ጭስ ውስጥ የሚቀመጡ ከሆነማ ታስረዋል።»

ወንበሮቹም አልተስማሟቸውም። ሰው ጋደም እንዳይል በየመሃሉ ብረት አለባቸው። ብረቱን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ይኸን የሠራ ሰው ታሞ አያውቅም» አሉ። ከዚያ ትንሽ ሄድ ብለው ድንገት ዞረው ጠየቁኝ፦ «አንችየዋ፣ እዚህ አገር ሰው ሲከፋው የት ሁኖ ነው የሚያለቅሰው?»

«መጸዳጃ ቤት» አልኳቸው። መቀለዴ አልነበረም፤ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስገባ በአንዱ በር ውስጥ ሴት ስትንሰቀሰቅ ሰምቼ ነበር።

«ብቻዋን?» አሉኝ።

ውሃ መጠጫው ጋ ነው ሰዓዳ ያገኘችን። «እትዬ ዘይነባ! ያረብ! እትዬ ዘይነባ አይደሉ?» የሚል ጩኸት ሰማንና ዞር ስንል አንዲት ጠይም ወጣት ሻንጣዋን ጥላ እየሮጠች መጣች፤ ጉልበታቸውን ስማ እጃቸውን ስማ አልጠግብ አለች። ከከተማችን ወጣ ካለችው ከአርዲቦ፣ የፋጤ ልጅ ናት። አረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። እኔም አወቅኋት። እናቷ ፋጤ ከሞተች ወራት ሆኗታል። ቀብሯ ላይ ቆሜያለሁ፤ አጥበው የገነዟት ደግሞ እትዬ ዘይነባ ናቸው።

ሰዓዳ አታውቅም። ማወቅም አልነበረባትም፤ በኛ ወግ፣ ሰው አገር ላለ ሰው መርዶ አይላክም። ቤቱ ሲመጣ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ወንድሟ ሁሴን በደወለች ቁጥር «ተኝታለች»፣ «ገበያ ወጥታለች»፣ «ጆሮዋ አልሰማ ብሏታል» እያለ ወራቱን ገፍቷል።

ልጅቷ ሻንጣዋ ውስጥ ለእናቷ የገዛችውን ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ አውጥታ አሳየችን። ከዚያ ወሬዋን ቀጠለች፣ ያኔ ነው ነገሩ የከፋው። ሌላ አረብ አገር ያለች ጓደኛዋ ጥሩ ሥራ አግኝታላታለች። ቪዛውም ቲኬቱም ስልኳ ውስጥ ገብቷል፤ አውሮፕላኑ ከቀትር በፊት ከሌላ በር ይነሳል። በኛው አውሮፕላን የአገር ቤት ቲኬትም ነበራትና ወደ አገር ቤት ልሂድ ወይስ ወደዚያ እያለች ሌሊቱን ሙሉ ስታምጥ አድራለች።

«ለእናቴ የማሠራው ቤት ጣሪያው ቀርቷል። አንድ ዓመት ብጨምር ያልቅልኛል» አለች። «ግን ሁሴን የሆነ ነገር የደበቀኝ ይመስለኛል። እርስዎ በቅርብ ነው የወጡ። በአላህ አይዋሹኝ፤ እናቴ ደህና ናት? ደህና ከሆነች ልሂድ። ካልሆነች ቤቴ ልግባ።»

የእትዬ ዘይነባ እጅ የልጅቷ ራስ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ መሬት መሬት ማየት ጀመርኩ።

«እህል ቀምሰሻል?» አሏት።

«አልቀመስኩም፣ ግን—»

«ፆሙን ያደረ ሰው ምክር አይሰማም። ቁጭ በይ፣ ብይ።» ከቦርሳችን ዳቦና ቴምር አወጡላት። የመጀመሪያውን ጉርሻ በእጃቸው አጉርሰዋት እኔን ራቅ አድርገው ወሰዱኝ።

«ልንነግራት ነው እንዴ? እዚህ?» አልኳቸው።

«ካልነገርናት ትሄዳለች። ለሞተች እናት ጣሪያ ስታቆም ዓመቷን ትፈጃለች።»

«እንግዲያው ለሁሴን ልደውልና እሱ ይንገራት።»

«በዚህ ቆርቆሮ?» ስልኬን እንደ ሞተ አይጥ አዩት።

እኔ ግን ብልጠት አላጣሁም። «እናትሽን ትንሽ አሟታል እንበላትና ወደ ቤቷ ትምጣ። የቀረውን እዚያ ይነግሯታል» አልኩ። ለኔ ጥሩ መፍትሔ ነበር፤ በሥራዬም ስንት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ።

«ሰማይ ላይ ሙሉውን መንገድ እናቴን አድርሰኝ እያለች ዱዓ ታድርግ? ለተቀበረች ሴት አፊያ እየለመነች ትሂድ? ወላሂ አላደርገውም።»

«መርዶ በመንገድ አይነገርም የሚሉት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው ተናድጄ።

እሳቸውን በዕድሜዬ አንድ ቀን እንኳ ግራ ሲገባቸው አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ጠዋት አየኋቸው። አምዱን ተደግፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ይሁን ክርክር አላውቅም። ዕድሜያቸውን ሁሉ የጠበቁትን ነገር ነበር አፍርሽ የተባሉት። ስንት ሰው በዚያ ሥርዓት ቀጥተዋል፣ ስንቱን አሳፍረዋል። አሳዘኑኝ። በመጨረሻ እጃቸውን ዘረጉልኝና አነሳኋቸው።

«መንገድን መንገድ ያሰኘው ሰው አልባነቱ ነው። ሰው እንሰብስብ» አሉ።

እና ያን አዳራሽ እንደገና ዞርነው፤ አሁን ግን እኔም ሰላምታው አላሳፈረኝም። መጀመሪያ ቦታ ፈለጉ። የሴቶች መስገጃ ክፍሉን ገብተው አይተው «የሰው ሶላት ይረበሻል» ብለው ተዉት። ሱቆቹ አጠገብ ያለውን ወለል በእግራቸው ፈትነው «ብትወድቅ ራሷን ይመታታል» አሉ። ከአዳራሹ መጨረሻ፣ ያን ቀን ያልተከፈተ አንድ መሳፈሪያ በር ነበር፤ ምንጣፍ አለው፣ መስታወቱ ሩቅ ነው፣ ውሃ ቅርብ ነው። «ይኸ ቤት ይሆናል» አሉ።

ቀጥሎ ሰው። ከኛው አውሮፕላን ተሳፋሪዎች መሃል ከአረብ አገር የሚመለሱ ሴቶችን አገኙና «ለቅሶ አለብን፤ ተነሱ» አሏቸው። እንደ ሰፈር ጥሪ ሰምተው ተነሱ። ጋሪ የሚገፋ አንድ የጎንደር ልጅ ነበር፤ ጋሪውን አስደግፎ ተከተለን። አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ግን፣ አንገቱ ላይ ወፍራም የወርቅ መስቀል ያለው፣ ወንበሩ ላይ እንደተለጠጠ «እናቴ፣ እኔ እኮ ልጅቷን አላውቃትም» አላቸው።

«እኔስ አንተን አውቅሀለሁ? ተነስ እንጅ!»

ተነሳ። እንዲያውም የሁለት ሴቶች ሻንጣ ተሸክሞ መጣ።

ሰዓዳ ዳቦዋን ጨርሳ ውሃ ስትጠጣ ደረስን። ያንን ሁሉ ሰው ከኋላችን ስታይ ብርጭቆው ከከንፈሯ ሳይላቀቅ ቀረ። የአገሩ ልጅ ናትና የሰው አሰባሰብ ምን እንደሚል ታውቃለች። እትዬ ዘይነባ ብርጭቆውን ተቀብለው ለኔ ሰጡኝ፣ ክንዷን ይዘው ወደዚያ በር ወሰዷት፣ ምንጣፉ ላይ በሁለት ሴቶች መሃል አስቀመጧት። ራሳቸው ፊት ለፊቷ ቁጭ አሉ።

«ሰዓዳ ልጀ» አሉ በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው። «እናትሽን ፋጤን በእነዚህ እጆቼ አጠብኳት። በንጹሕ ገነዝኳት። የአርዲቦ ዙሪያ ሰው፣ እስላም ክርስቲያኑ፣ ወጥቶ ቀበራት። ስምሽን ጠርታ፣ መርቃሽ ነው የሄደች። ብቻዋን አልሄደችም። አንችም ብቻሽን አይደለሽም።»

የሰዓዳን ጩኸት አልገልጸውም። ሴቶቹ ግራና ቀኝ አቅፈው ያዟት፤ እነሱም ምርር ብለው አለቀሱ፤ እያንዳንዷ የቋጠረችው የራሷ ነገር ነበራት መሰለኝ። ነጋዴው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያለቅሳል። ጥበቃዎች ሁለት ሆነው እየሮጡ መጡ። እኔ እንግሊዝኛዬን ላወጣ ስንተባተብ እትዬ ዘይነባ መዳፋቸውን በዕድሜ ትልቅ ወደሆነው አነሱ፤ ቆም በል እንደማለት ብቻ። ትልቁ ጥበቃ ልጅቷን አየ፣ ሴቶቹን አየ። ሄደና ሰው የሚሰለፍበትን ገመድ ጎትቶ አመጣ፤ መንገደኛ እንዳያልፍብን ዙሪያችንን አጥሮልን ከውጭ ቆመ።

እንዲያ ነው ጠዋቱ ያለፈው። የሰዓዳ ስልክ ሲጠራ ሳታየው ሰጠችኝ። ጓደኛዋ ነበረች፤ በሩ ሊዘጋ ነው የት ነሽ ትላለች። «አትመጣም፤ ቤቷ ልትገባ ነው» አልኳት። ጉሙም ገለጥ ብሎ የኛ አውሮፕላን ተጠራ።

ሰማይ ላይ ሰዓዳ ትከሻዬ ላይ ተኛች። እትዬ ዘይነባ ግን ዓይናቸውን አልከደኑም። «ሁሴንን ቀማሁት» አሉኝ። «ያ ልጅ እናቱን ቀብሮ ማልቀስ እንኳ አልተፈቀደለትም። እህቱ ስትደውል እየሳቀ ነው የኖረ። መናገሩ የሱ ነበር፤ እኔ ቀደምኩት።» ሰዓዳ ስትነቃ ጠጋ ብለው «ሁሴን ሲነግርሽ ስሚው። አውቄዋለሁ ብለሽ አታቋርጭው። ይጨርስ» አሏት። እሽ አለች።

ሐይቅ በማግስቱ ወደ ማታ ገባን። ሁሴን መናኸሪያው ላይ ሆኖ ይጠብቅ ነበር፤ ጥርሱ ይስቃል፣ ፊቱ ግን ከስቶ ሌላ ሰው ሆኗል። ሰዓዳ እናቷን አልጠየቀችም። እሱ ያንን እንኳ አላስተዋለም፤ ሻንጣ ለማውረድ ይጣደፋል። እንደ ወጉ ከተማ አጎቷ ቤት አሳደሯት።

ጎህ ሲቀድ የቅሬው ሰው በዝምታ ገባ። ሰዓዳን በሁለት ሴቶች መሃል አስቀመጧት፤ ውሃም ቀረበ። ሁሴን ፊቷ ቆሞ «ሰዓዳ…» ብሎ ጀመረና ድምፁ ተቋረጠ። አንድ ሽማግሌ ሊናገሩለት ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እትዬ ዘይነባ በእጃቸው ምልክት «ይተዉት፣ እሱ ይናገር» አሏቸው።

«እናታችንን አላተረፍናትም» አለ በመጨረሻ። «ተኝታለች ስልሽ… ገበያ ናት ስልሽ… አፈር ውስጥ ነበረች። እየዋሸሁሽ ነበር። ሁልጊዜ።»

ሰዓዳ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች፣ ሄዳ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ሁሴኔ» አለችው፣ «ይኸን ሁሉ ወር ብቻህን እንዴት ቻልከው?»

ሁሴን መቆም አቃተው። እሷን ሊደግፉ የመጡት ሰዎች ተሯሩጠው ደግፈው ያስቀመጡት እሱን ሆነ።